ለ17 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ መኪና፦ ሮግ፣ ራቭ4፣ ሲ.ኤክስ-5 ወይስ ኤስኬፕ? (ሰሜን ቨርጂኒያ፣ 13 ሺህ ዶላር)

የአናንዴል እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ለ17 ዓመት ልጃችን የመጀመሪያ መኪናዋን ልንገዛላት ነው። የምንኖረው ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣች አራት ወር ሆኗታል። የምትነዳው ለትምህርት ቤትና ታይሰንስ ላለው የቅዳሜና እሁድ ሥራዋ ስለሆነ 495 ሀይዌይ (ቤልትዌይ) ላይ መውጣቷ አይቀርም። በእጃችን ያለው ታክሱም የዲለሩ ክፍያም ተደምሮ 13,000 ዶላር ነው፤ ብድር ውስጥ መግባት አንፈልግም።

ትንሽ ኤስ.ዩ.ቪ ይሁን በሚለው ቤት ውስጥ ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው የትኛዋ በሚለው ነው። እስካሁን ያየናቸው እነዚህ ናቸው፦

2016 ኒሳን ሮግ ኤስ.ቪ፣ 78,000 ማይል፣ 10,500 ዶላር
2014 ቶዮታ ራቭ4 ኤል.ኢ፣ 118,000 ማይል፣ 11,900 ዶላር
2015 ማዝዳ ሲ.ኤክስ-5 ቱሪንግ፣ ባለ 2.5 ሞተር፣ 96,000 ማይል፣ 11,400 ዶላር
2017 ፎርድ ኤስኬፕ ኤስ.ኢ፣ ባለ 1.5 ቱርቦ፣ 69,000 ማይል፣ 10,200 ዶላር

ልጄ ልቧ ሮጓ ላይ ነው። ባለቤቴ ቶዮታ ካልሆነ አልፈርምም ይላል። እኔ ደግሞ ኤስኬፗ አዲስም ናት፣ ማይሏም ትንሽ ነው፣ ምን ጎደላት እላለሁ። ሁለት ነገር ደግሞ ጨምሩልኝ፦ ለበረዶው በአራቱም ጎማ የሚነዳ የግድ ነው ወይ? ኢንሹራንሱስ የትኛዋ ላይ ይከብዳል?

ኮፈን ክፈቱ

እህቴ፣ እነዚህን አራቱን በማይል ካወዳደርሻቸው ትሳሳቻለሽ። 69,000 የሄደችው ኤስኬፕ 118,000 ከሄደችው ራቭ4 ይልቅ ለትልቅ ወጪ ትቀርባለች። አንድ በአንድ እንሂድ።

ኤስኬፗን ከዝርዝሩ ሰርዣት። ከ2017 እስከ 2019 የተሠሩት ባለ 1.5 ቱርቦዎች የታወቀ በሽታ አላቸው። በብሎኩና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መገናኛ ላይ፣ በሲሊንደሮቹ መካከል፣ ኩላንት የሚያልፍበት ቀጭን ቦይ አለ። በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ እዚያ ጋ ሲደክም ኩላንቱ ወደ ሲሊንደር ይገባል። ምልክቱ ይሄ ነው፦ መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ኩላንቱ ይቀንሳል፣ ጠዋት ሲነሳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ያወጣል፣ ከዚያ ሲሊንደር በትክክል አልተቀጣጠለም የሚል (ሚስፋየር) ኮድ ይመጣል። ጓርኒሲዮን ቀይሮ መገላገል ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ብሎኩ ራሱ ይቀየራል። ሂሳቡ የመኪናዋን ዋጋ ከግማሽ በላይ ይበላል። ሻጭ ደግሞ ኩላንቱን ሞልቶ፣ ኮዱን አጥፍቶ ለሁለት ሳምንት ጤነኛ ሊያስመስላት ይችላል።

ሮጓ ሞተሯ ምንም አይልም፤ ችግሩ ካምቢዮው ነው። ሲ.ቪ.ቲ ስለሆነ ማርሽ የሚባል ነገር የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ይዞራል። ዘይቱ ሲያረጅና ሙቀት ሲበዛበት ቀበቶው ፑሊውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ ከ15 እስከ 40 ማይል ባለው ፍጥነት ላይ መኪናዋ ትርገፈገፋለች፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አትሄድም። ኒሳን ከ2014 እስከ 2018 ለተሠሩት ሮጎች የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 84 ወር ወይም 84,000 ማይል አራዝሞት ነበር። የእናንተዋ ማይሉን ባትሞላም ወሩ አልፎባታል። ካምቢዮ ማስቀየር 4,000 እና 5,000 ዶላር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዋጋዋ የረከሰው ሻጩ ደግ ስለሆነ አይደለም።

ራቭ4ቷ ላይ ባለቤትሽ ግማሽ እውነት ይዟል። 2.5 ሞተር፣ ባለ 6 ማርሽ ተራ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ታይሚንጓ በሰንሰለት ስለሆነ ቺንጊያ ቀይሩ የሚባል ወጪ የላትም። 118,000 ማይል ለዚህ ሞተር ብዙ አይደለም፤ ዘይቱ በጊዜው ተቀይሮ ከሆነ። በዚህ ማይል ላይ የሚጠበቀው የውሃ ፓምፕ ማፍሰስ ነው፦ ከሞተሩ ውጭ ባለው ቺንጊያ በኩል ፓምፑ ላይ ሮዝ ቅርፊት የመሰለ ድርቅ ያለ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። ሌላው ባትሪው ነው። ቶዮታ በኖቬምበር 2023 አሜሪካ ውስጥ ከ2013 እስከ 2018 የተሠሩ 1.85 ሚሊዮን ያህል ራቭ4ዎችን ለጥገና መልሶ ጠርቷል (ሪኮል)። አንዳንድ የተቀየሩ ባትሪዎች አናታቸው አነስ ስለሚል ማሰሪያው በደንብ ካልጠበቀ በኃይል ስትታጠፉ ይነቃነቃሉ፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ማሰሪያውን ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል። ጥገናው ነጻ ነው፤ መደረጉን ግን በመለያ (ቪን) ቁጥሯ አጣሩ።

ግማሽ እውነት ያልኩት በዓመቷ ምክንያት ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ የደህንነት ተቋም፣ አይ.አይ.ኤች.ኤስ የሚባለው፣ የመኪናውን የፊት ማዕዘን ብቻ ከግድግዳ ጋር የሚያላትምበት ፈተና አለው። ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ በሹፌሩ በኩል ጥግ ሲመታ የሚሆነውን ነው የሚያስመስለው። የ2013 እና የ2014 ራቭ4 በዚህ ፈተና የመጨረሻውን ውጤት፣ "ደካማ" የሚለውን፣ ነው ያገኙት። ቶዮታ አጥንቷን አጠናክሮ የ2015ቷ "ጥሩ" አገኘች። መልኳ ያው ስለሆነ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። ለአዲስ ሹፌር ከሆነ 2015 ወይም 2016 ፈልጉ፤ የተሠራችበትን ወርና ዓመት በሹፌሩ በር ማጠፊያ በኩል ያለው ተለጣፊ ይነግራችኋል።

ሲ.ኤክስ-5ቷ ለእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ናት። 2.5 ያለ ቱርቦ፣ ባለ 6 ማርሽ ተራ ካምቢዮ፣ በሰንሰለት። የ2015ቷ በዚያው የማዕዘን ፈተና "ጥሩ" ናት። ቱሪንግ ስለሆነች የኋላ ካሜራም፣ ጎን ላይ መኪና ሲኖር መስታወት ላይ የሚያበራ ማስጠንቀቂያም አላት፤ 495 ላይ መስመር ለምትቀይር ጀማሪ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉድለቷ የጎማ ድምፅ ወደ ውስጥ ማስገባቷና ከኋላ መስኮቷ ጠበብ ማለቱ ነው።

አንድ ትርፍ ነገር፦ የሮጓ፣ የራቭ4ቷና የሲ.ኤክስ-5ቷ የጎማ መጠን አንድ ነው፣ 225/65 ባለ 17። በብዛት የሚሸጥ ስለሆነ ጎማ አይወደድባችሁም።

ፖሊሲ አንባቢ

ስለ ኢንሹራንሱ እኔ ልመልስ። ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት የእያንዳንዷን ቪን ይዛችሁ ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። ሂሳቡን ሰማይ የሚሰቅለው መኪናዋ ሳትሆን የሹፌሯ ዕድሜ ነው፤ በእነዚህ አራት መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ለብቻዋ ፖሊሲ ከማውጣት በእናንተ ፖሊሲ ላይ መጨመር ይረክሳል። ታይትሉም (በአገር ቤት አነጋገር ሊብሬው) በወላጅ ስም ይሁን።

ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ያስቀመጠችው ዝቅተኛ ሽፋን 50/100/25 ነው። ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ በጠቅላላው 100,000፣ ለንብረት 25,000 ማለት ነው። መጨረሻ ያለችውን 25,000 ተመልከቱ። ቤልትዌይ ላይ ከፊት ያለውን አዲስ ፒክአፕ ከኋላ ብትመታው በዚያ ገንዘብ አይሸፈንም፤ ቀሪው ከእናንተ ኪስ ይመጣል። 100/300/100 ጠይቁ፤ የሚጨምረው ክፍያ ከሚገምቱት በታች ነው። በዚህ ዋጋ መኪና ላይ ኮሊዥን (የራሳችሁን መኪና የግጭት ጉዳት የሚሸፍነውን) ካስገባችሁ ተቀናሹን፣ ማለትም መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን፣ 1,000 አድርጉት፤ 500 ካደረጋችሁት በየወሩ የምትከፍሉት ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

ቅናሽ ጠይቁ፣ ሳይጠየቅ የሚሰጥ የለም፦ አማካይ ውጤቷ ቢ ወይም 3.0 ከሆነ የጥሩ ተማሪ ቅናሽ አለ፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች የትምህርት ቤት ማስረጃ በየጊዜው ስለሚጠይቁ ሳታስገቡ ቀርታችሁ እንዳይቋረጥ። አነዳዷን በስልክ የሚከታተለው ፕሮግራምም ይቀንሳል፤ ድንገተኛ ፍሬንና የሌሊት መንዳት ግን ይቆጠርባታል።

አሁን ደግሞ ማንም በግልጽ የማይናገረውን ልናገር። በእኛ ሰው ዘንድ "መኪናው የአባትየው ነው" ብሎ ልጅን ሳያስመዘግቡ ማስነዳት የተለመደ ነው። ቤት ውስጥ የሚኖርና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ መነገር አለበት። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው የሚያጣራው የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው፤ ያኔ ክፍያውን ሊከለክል ወይም ፖሊሲውን ሊሰርዝ ይችላል። መኪናዋን ርካሽ ወደሆነ የዘመድ አድራሻ ማስመዝገብም እንደዚያው ነው።

እንደዚሁም ልጅቷ ማታ ማታ ምግብ ላድርስ ካለች ተጠንቀቁ። ተራው የግል ፖሊሲ በክፍያ የሚደረግን ማድረስ አይሸፍንም፤ ለዚያ ተጨማሪ ሽፋን ይገዛል።

ፍለጋችሁ ሰፍቶ ኪያ ስፖርቴጅ ወይም ሁንዳይ ቱሳን ካያችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ቁልፍ ሰክቶ በመጠምዘዝ ነው የምትነሳው ወይስ አዝራር በመጫን? እስከ 2021 ከተሠሩት ቁልፍ ተጠምዝዞ የሚነሱት አብዛኞቹ ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርገው ኤሌክትሮኒክ መቆለፊያ የላቸውም። የሌባ ሲሳይ ሆነው የቆዩት ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ኩባንያም አልሸፍንም ይላል።

ቀኝ መስመር

ሁሉም ወደ ኤስ.ዩ.ቪ የሚሮጠው "ከፍ ያለ ነው፣ ለልጅ ደህና ነው" እየተባለ ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ። እርስዎ ባሉት 13,000 ዶላር ካምሪ ወይም ማዝዳ 6 ቢፈልጉ ከእነዚህ ሁለት ዓመት ያህል አዲስ የሆነች ያገኛሉ። አይ.አይ.ኤች.ኤስ ለአዳጊዎች ሲመክር የሚለው ከ2,750 ፓውንድ በታች የምትመዝን ቀላል መኪና አይግዙ፣ ትልልቅ ፒክአፕና ትልልቅ ኤስ.ዩ.ቪም ይቅር ነው። መካከለኛ ሴዳንና ትንሽ ኤስ.ዩ.ቪ ሁለቱም ከዚያ መካከል ስለሚገቡ በደህንነት ስም ብዙ ገንዘብ ለከፍታ አይክፈሉ።

ይሁንና ተስማምተናል ካሉ እሺ፤ ትንሽ ኤስ.ዩ.ቪ መጥፎ ምርጫ አይደለም። ድሮ ኤስ.ዩ.ቪ ይገለበጣል የሚባለው እውነት ነበር፤ ለውጡን ያመጣው መኪናው መንሸራተት ሲጀምር እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ፍሬን የሚይዘው ኢ.ኤስ.ሲ ነው። ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በሁሉም ላይ ግዴታ ነው። መኪና ከሌላ መኪና ጋር ሳይጋጭ ብቻውን የሚደርስበትን የሞት አደጋ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ስለዚህ ማንም "የ2010 ሃይላንደር በ8,000 አለኝ" ቢላችሁ ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ምን ምን እንዳለው እዩ።

ከፊት ግጭት ሲያይ ሹፌሩ ሳይረግጥ ብቻውን ፍሬን የሚይዘው ሲስተም ደግሞ ሌላው ነው። ራቭ4 ላይ ከ2017 ጀምሮ በሁሉም ደረጃ ላይ ገብቷል፤ ሱባሩ ፎረስተር ላይ ከ2019። ሆንዳ ሲ.አር.ቪ ላይ በ2017 ዝቅተኛው ደረጃ ከሆነው ከኤል.ኤክስ በላይ ባሉት ላይ ብቻ ነበር፣ ኤል.ኤክስን ጨምሮ በሁሉም ላይ የገባው በ2020 ነው። በእናንተ በጀት የ2017 ራቭ4 ከተገኘች ማይሏ መብዛቱ አይቀርም፤ እኔ ግን 130,000 ማይል ሄዳ ጥሩ የጥገና ታሪክ ያላትን 2017 ከ2014ቷ አስቀድማለሁ። አዲስ ሹፌር የሚያጋጨው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ሰከንድ ዓይኑን ከፊት ሲያነሳ ነው።

በረዶ፦ በአራቱም ጎማ መነዳት ከቆመችበት ለመነሳትና ዳገት ለመውጣት ይረዳል። ለማቆምና ለመታጠፍ ምንም አይጨምርም፤ እሱን የሚወስነው ጎማው ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ በዓመት ጥቂት ቀን ነው በረዶ የሚተኛባት፤ ትምህርት ቤቱም ያን ቀን ይዘጋል። በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ግዙ፣ የተረፈውን ጥሩ ጎማ ላይ አውሉት። በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከገዛችሁ ደግሞ፣ በተለይ ሱባሩ ላይ፣ የአራቱ ጎማ ዙሪያ ልክ ከሩብ ኢንች በላይ መለያየት የለበትም፤ አንዱ ጎማ ቢቀደድና ሌሎቹ ያለቁ ከሆኑ አራቱንም ልትቀይሩ ትችላላችሁ።

የአናንዴል እናት

እግዚአብሔር ይስጥልን። ኤስኬፗና ሮጓ ወጥተዋል፤ ልጄ አኩርፋለች ግን ያልፋል። አሁን ደግሞ ባለቤቴ የ2016 ራቭ4 ኤክስ.ኤል.ኢ፣ 84,000 ማይል የሄደች፣ በ9,900 አገኘ። ታይትሏ "ሪቢልት" (ከከባድ ጉዳት በኋላ ዳግም የተሠራች የሚል) ነው። ከፊት ተመትታ ነበር፣ ተሠርታለች ይላል ሻጩ፤ ፎቶዋ አዲስ ትመስላለች። ይሄ ይወሰዳል? ደግሞስ ሄደን ስናይ ምን ምን እንይ?

ኮፈን ክፈቱ

ለታክሲ ወይም ለራስሽ ቢሆን እንከራከር ነበር። ለጀማሪ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የ2016ቷን የምትገዙት ለአጥንቷ ነው፤ እሷ ደግሞ የተመታችው አጥንቷ ላይ ነው። ከፊት ያሉት ሁለቱ ረዣዥም የብረት ክንዶች እንደ አኮርዲዮን እየተጨማደዱ ኃይሉን እንዲውጡ ተደርገው ነው የተሠሩት። ተቆርጠው ከተበየዱ ወይም ተስበው ከተቃኑ ሁለተኛ በዚያው መንገድ አይጨማደዱም፤ ይሄን ደግሞ ቀለም ሸፍኖት ማንም መካኒክ በዓይኑ ሊምልልሽ አይችልም። ኤርባጎቹ ፈንድተው ከነበረ በምን እንደተተኩ አይታወቅም። ኢንሹራንሱም ሪቢልት ላይ ኮሊዥን አልሰጥም ሊል ይችላል፤ ቢሰጥም ሲከፍል ዋጋዋን ቀንሶ ነው። ስትሸጧትም ያው 9,900 አይገኝባትም።

አሁን ለማየት ስትሄዱ። ሻጩን "ሳትነሳ ጠብቁን" በሉት፤ ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አድርጉ። ከሞቀ አስቀድሞ አስነስቷታል፣ የጠዋት ድምፅዋን እንዳትሰሙ ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለሱ። በቀዝቃዛ ሞተር ኩላንቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል መሆኑን፣ ዘይቱ ደግሞ መለኪያው ላይ መድረሱንና ወተት የመሰለ ነገር አለመኖሩን እዩ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አትንኩት።

ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባጉ መብራት መብራት አለበት፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል፤ በዚያው ውጡ። ከዚያ 20 ወይም 30 ዶላር የሚሸጠውን ኮድ ማንበቢያ ሰኩባት። ኮድ አለመኖሩ ብቻ በቂ አይደለም፤ "ሬዲነስ" የሚለውን ገጽ ክፈቱ። መኪናዋ ራሷን የምትፈትሽባቸው ሲስተሞች "ዝግጁ አይደለም" ካሉ ኮዱ በቅርብ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ሻጩ "ትናንት ባትሪ ቀየርኩ" ካለ፣ እሺ፣ መቶ ማይል ነድተህ ስትጨርስ ጥራን በሉት።

ስትነዷት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሁን፤ ሩብ ሰዓት ካምቢዮ አያሞቅም። ሀይዌይ ላይ 60 እና 65 ይዛችሁ መሪውን ላላ አድርጉ፣ ወደ አንድ ጎን መጎተቷን እዩ። ከዚያ ወርዳችሁ ሰፈር ውስጥ ከ15 እስከ 40 ባለው ፍጥነት ቀስ እያላችሁ ጋዝ ስጡ። ባዶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ በሁለቱም አቅጣጫ ዙሩ፤ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የአክሰል መገጣጠሚያው አልቋል ማለት ነው።

ጎማው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱና ዓመቱ ናቸው፤ 2319 ካለ በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ስም ካላቸው ያለፈው ባለቤት ሌላውንም ነገር እንደዚያው ነው ሲጠግናት የኖረው። ኋላ ያለውን ምንጣፍ አንስታችሁ የትርፍ ጎማውን ጉድጓድ፣ የወንበሮቹን ብሎን እዩ፤ እዚያ ዝገትና ደለል ካለ ጎርፍ ነክቷታል፤ ሽቶ የበዛባት መኪናም አታሳምነኝም።

ይህ ሁሉ እናንተ የምታደርጉት ነው፤ ከዚያ በኋላ 150 እስከ 200 ዶላር ከፍላችሁ ሻጩ ያላመጣው መካኒክ በሊፍት አንስቶ ከታች ይያት። ፔንስልቬንያና ኒው ዮርክ ከርማ የመጣች ከሆነ በበረዶ ጊዜ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ከሥር በልቷት ሊሆን ይችላል፤ የምዝገባ ታሪኳ ላይ ይታያል። በሊፍት ተነስታ አትታይም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቀኝ መስመር

በዚህ ላይ ሁለት ነገር። ልጅቷ ራሷ ገብታ ትቀመጥበት። ወንበሩን ከፍሬኑ ጋር አመጣጥና ስትጨርስ ከደረቷ አጥንት እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 10 ኢንች መኖር አለበት፤ አጭር ከሆነች መሪው ወደ ራሱ የሚሳብና ወንበሩ ከፍ የሚል መሆኑን ሞክሩ። ሌላው ልብ በሉ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሹፌር በመጀመሪያው ዓመት ከቤተሰቡ ውጭ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው መጫን የሚችለው፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ 4 ኤ.ኤም ከተወሰኑ ምክንያቶች በቀር አይነዳም፤ ስልክ በእጅም ሆነ ያለ እጅ አይጠቀምም። ስለዚህ "ጓደኞቿን የምትጭንበት ሰፊ ይሁን" የሚለው ክርክር ለጊዜው ይቆየን።

የአናንዴል እናት

ሲ.ኤክስ-5ቷን መካኒክ አየልን። ሞተርና ካምቢዮ ንጹህ፣ ሪኮሉም ተሠርቷል። የጎማዎቿ ጥርስ ጥልቀት 3/32 ኢንች፣ የኋላ ፍሬን ሸራዎቿ 3 ሚሊሜትር ናቸው አለ። ዲለሩ የስቴት ኢንስፔክሽን ስቲከር ስላላት ዋጋ አልቀንስም አለ። የዲለሩ ክፍያ 800 ነው።

ኮፈን ክፈቱ

ስቲከሩ ክርክር አይደለም። ቨርጂኒያ ጎማ የምትጥለው ከ2/32 ሲወርድ ነው፣ ሸራውም በ3 ሚሊሜትር ያልፋል። ዛሬ አልፋ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሁለቱንም ትቀይራላችሁ። 3/32 የሆነ ጎማ ደግሞ በዝናብ 495 ላይ ውሃውን ከሥሩ ማውጣት ያቅተውና መንሳፈፍ ይጀምራል፤ የልጅቷ የመጀመሪያ ፈተና በረዶ ሳይሆን እሱ ነው።

ሂሳቡን ጻፉለት። 11,400 ሲደመር 800፣ ታክሱ 4.15 በመቶ ነው፤ ወደ 500 ዶላር በሉት። 12,700 ደረሰ፤ ታርጋና ታይትል ሲጨመር በእጃችሁ የሚቀረው ከ300 በታች ነው። ጥሩ አራት ጎማ ከነመግጠሚያው ከ600 እስከ 700፣ የኋላ ሸራና ዲስክ ወደ 300። ስለዚህ ወይ 900 ዶላር ይቀንስ፣ ወይ ጎማውንና ፍሬኑን እሱ ቀይሮ ያስረክብ። ሁለተኛውን ከመረጠ የጎማው ስም ጭምር በጽሑፍ ይሁን፣ አለበለዚያ የገበያውን እርካሽ ጎማ ነው የሚያስገባላችሁ፤ ሳይቀየር ደግሞ አትፈርሙ። ከ500 በታች ካወራ አመስግናችሁ ውጡ፤ የወሩ መጨረሻ ሳምንት ላይ ተመልሳችሁ ደውሉ። እስከዚያ 2015 እና 2016 ራቭ4 መፈለጉን አታቁሙ።